ሞተር ተቀይሮ መኪናው አልነሳ ሲል ከየት ይጀመራል?

ሞተሩ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ፣ በአይሱዙ ጀርባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ጅማ ገብቷል። ሦስት ቀን ተለፍቶ አሮጌው ወርዷል፣ የመጣውም ተገጥሟል። ዘይት ተሞላ። ውሃ ተሞላ። ብሎኑ ጠበቀ። ባለመኪናው ቁልፍ ይዞ ሲገባ ጋራዡ ውስጥ ያለው ሁሉ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀርቦ ቆመ። ቁልፉ ዞረ። ፀጥ።

ይህን ሰዓት አውቀዋለሁ። ጅማ አጋሮ መስመር የምትሠራ ቶዮታ ሚኒባስ አለችኝ። 3ኤል ሞተሯ ዘይት መጠጣት ሲጀምር በ5ኤል ቀየርኩት። ሐምሌ ነበር፣ ዝናቡ አያባራም። ሞተሩ ተገጥሞ ቁልፍ ሲመታ ትክ ብሎ ዝም አለ። «ሞተሪኖው ሞቷል» ተባልኩ፣ ቁልፍ ሲመታ ሞተሩን የሚያዞረው ማለት ነው፣ ገዛሁ። አሁንም ትክ። «ባትሪው ነው» ተባልኩ፣ ባትሪ ቀየርኩ። አሁንም ትክ። በሦስተኛው ቀን ሞተሩ እንደገና ይውረድና ይታይ የሚል ወሬ ሲጀመር አንድ በዕድሜ የገፉ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሰው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው፣ ቴስተራቸውን (የኤሌክትሪክ መለኪያቸውን) ይዘው መጡ። ከመኪናው ሥር ገብተው አሥር ደቂቃ እንኳን አልቆዩም። ከሞተሩ ወደ ሻንሲ (ወደ መኪናው ብረት አካል) የሚሄደው ማሳ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት፣ ያ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው ጠፍጣፋ የመዳብ ገመድ፣ አንዱ ጫፉ ሞተሩ ላይ ታስሯል፣ ሌላው ጫፉ ጭቃ ለብሶ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ጎን ተንጠልጥሏል። ብሎኑ የተረፉ ብሎኖች የሚጠራቀሙበት ጣሳ ውስጥ ተገኘ። በ12 ቁልፍ የሚታሰር ነው። አጠበቁት፣ በመጀመሪያው ምት ዞረች።

ከዚያ ወዲህ ሞተር በተቀየረ ቁጥር የምለው አንድ ነገር ነው። ሞተሩ ከመጫኑ በፊት ሲሠራ ከሰማኸው ወይም ሻጩ አስነስቶ ካሳየህ፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ውስጥ አይደለም። ችግሩ ያለው እጅ በነካው ቦታ ነው፦ የተፈታ ገመድ፣ የተቆረጠ ሽቦ፣ ቦታ የተለዋወጠ ቱቦ፣ ያልተሰካ ሶኬት። ስለዚህ ሳትለካ ዕቃ አትግዛ፣ ሌላውን ሁሉ ሳትጨርስም ሞተር አትክፈት።

ከመጀመርህ በፊት

ቴስተር ያስፈልግሃል፣ ርካሹም ቢሆን ይሠራል። ሁለት ሽቦ ያለው ባለ 12 ቮልት አምፖል ያዝ፣ ከቴስተሩ ይልቅ እሱ እውነቱን የሚነግርህ ቦታ አለ። የሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ወደ ሁለት ሜትር የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ንጹሕ ጄሪካን፣ ከሌላ ባትሪ ለማስነሳት የምንጠቀምበት ወፍራም ገመድ። ቁልፎቹን ታውቃቸዋለህ፣ 17 ቁልፍ ግን በተለይ አይጥፋ።

ማርሹን ዜሮ አድርግ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባ፣ የእጅ ፍሬን ሳብ። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር አትግባ። ጭቃ ላይ ክሪክ ይንሸራተታል፣ የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህ አይነገረውም፣ ግን እናገራለሁ። የቤንዚን መኪና ከሆነ እሳት ማጥፊያ ወይም አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገብህ ይቀመጥ።

አንድ ነገር ልጨምር። አየር ማስገቢያውን ክፈትና እጅህን ስደድ። ሞተር ሲጓዝ አቧራ እንዳይገባ በጨርቅ ወይም በላስቲክ ይደፈናል። ያ ጨርቅ ሳይወጣ የተገጠመ ሞተር አይቻለሁ። አየር ካልገባ የትኛውም ሞተር አይነሳም።

መጀመሪያ ጆሮህን ተጠቀም

ቁልፍ ስትመታ ከሦስቱ አንዱ ነው የሚሆነው። ሞተሩ ጭራሽ አይዞርም፤ ወይም እያቃሰተ በቀስታ ይዞራል፤ ወይም ደህና አድርጎ ይዞራል ግን አይነሳም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ናቸው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ነዳጅ፣ እሳት ወይም ታይሚንግ (የሞተሩ ክፍሎች ተራቸውን ጠብቀው በሰዓቱ መዞራቸው) ነው። ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው ይህን ሳይለይ ነው። ሞተሩ ሳይዞር የናፍጣ ፖምፓ የሚያስፈታ ሰው አጋጥሞኛል።

ካልዞረ ወይም በቀስታ ከዞረ

ባትሪውን ለካ። የሞላ ባትሪ ሳይነካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከ12.2 በታች ከሆነ ግማሹ አልቋል፣ ሞላውና ተመለስ። ሞተሩ ሲቀየር መኪናው ለሳምንት ቆሞ ሊሆን ይችላል፣ በር እየተከፈተ መብራት ሲበራ ባትሪው ያልቃል። ቁልፍ እየተመታ ስትለካ ደግሞ ከ10 ቮልት ብዙ መውረድ የለበትም። 12.6 እያሳየ፣ ቁልፍ ሲመታ ወደ 7 የሚወርድ ባትሪ በውስጡ ሞቷል።

ቀጥሎ የፊት መብራት አብራ። አንድ ሰው ቁልፍ ይምታ፣ አንተ መብራቱን እይ። መብራቱ ድብን ብሎ ከጠፋ ጉልበቱ በመንገድ ላይ እየቀረ ነው ማለት ነው፦ ባትሪው፣ የባትሪው ራስ ላይ ያሉት ማሰሪያዎች ወይም ማሳው። መብራቱ ምንም ካልተለወጠ ግን ትእዛዙ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም፤ ቀጭኑን ሽቦ፣ ፊውዙን፣ ሪሌውን ተከተል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ የ«ፒ» እና የ«ኤን» ስዊቹን ሶኬት አትርሳ፣ ካምቢዮው ላይ ስለሆነ ሞተር ሲወርድ የግድ ተነቅሏል።

አሁን ማሳው። ይህን ሳትሞክር ሞተሪኖ ብትገዛ አዝንልሃለሁ፣ እኔ የገዛሁት እስካሁን መደርደሪያ ላይ አለ። ወፍራሙን ገመድ ውሰድ፣ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ንጹሕ ብረት ፈልገህ ንከስ። ቁልፍ ይመታ። ሞተሩ ከዞረ አበቃ፣ ችግርህ ማሳ ነው። ካልዞረም ብዙ ነገር አረጋገጥክ።

ማሳው ታስሮም ቢሆን ላይሠራ ይችላል። ሞተር ሲቀየር ሻንሲው ታጥቦ ቀለም ይቀባል፣ የሞተሩ እግርም እንዲያምር ይቀባል። ማሳው ቀለም ላይ ከታሰረ ላስቲክ ላይ እንደታሰረ ነው። ብሎኑን ፍታ፣ ሥሩን ብረቱ ነጭ እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ፣ እሰር፣ ከዚያ በላዩ ግሪስ ቀባ። የኛ አገር እርጥበት መዳብን አረንጓዴ ያደርጋል። በቴስተር ማረጋገጥ ከፈለግክ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ ይዘህ ቁልፍ ይመታ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱ ወይም እስሩ ጥሩ አይደለም። በፖዘቲቩም በኩል እንዲሁ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ድረስ ለካ።

ማሳው ደህና ከሆነ ሞተሪኖው ላይ ወዳለው ቀጭን ሽቦ ሂድ። አምፖልህን እዚያና ሞተሩ ላይ ያዝ፣ ቁልፍ ይመታ። አምፖሉ ካልበራ ሞተሪኖውን ተወው፣ ሽቦውን ወደ ኋላ ተከተል። ከበራና ሞተሪኖው ዝም ካለ፣ ያኔ ሞተሪኖውን ብትጠረጥር ያምርብሃል። ግን ከዚያም በፊት አንድ ነገር ይቀራል።

ሞተሩ በእጅ ይዞራል? ከፊት ያለውን ትልቁን የፑሌጃ (የቀበቶ መዘውር) ብሎን በረጅም እጀታና በቡሶላ ያዝና በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ ብለህ አዙር። ሁለት ሙሉ ዙር መሄድ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ግድግዳ እንደነካ ቀጥ ካለ አቁም፣ አታስገድደው። አንዱ ምክንያት ውሃ ነው። ክረምት ላይ ሞተር ሸራ ሳይለብስ በአይሱዙ ጀርባ ሲመጣ ዝናቡ በአየር ማስገቢያው ገብቶ ሲሊንደር ውስጥ ይቀመጣል። ውሃ አይጨመቅም። በዚህ ላይ ሞተሪኖ ቢመታ ወይም ቢገፋ ቢዬላ (የፒስተኑ ክንድ) ይጣመማል። ስለዚህ ቤንዚን ከሆነ ካንዴላዎቹን (እሳት የሚሰጡትን)፣ ናፍጣ ከሆነ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን ሁሉ ፍታና እንደገና በእጅ አዙር። ውሃ ካለ ፊትህን አርቅ፣ ይተፋዋል። ሌላው ምክንያት ታይሚንግ ነው፣ እሱ ጋ እንመጣለን።

ሞተሪኖው ይዞራል ግን ይፋጫል? ቮላኖው (ሞተሪኖው የሚያዞረው ባለጥርስ ክብ ብረት) ከአንዱ ሞተር፣ ሞተሪኖው ከሌላው መጥቷል። የቮላኖውን ጥርስና የሞተሪኖውን ጥርስ ጎን ለጎን አድርገህ አወዳድር። ካልተጣጣሙ ቮላኖውም ይበላል፣ ሌላ ጊዜ ካምቢዮ ማውረድ ይመጣል።

ይዞራል ግን አይነሳም፣ ናፍጣ ከሆነ

የጅማ ጋራዦች የለመዷቸውን የቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል ሞተሮች ይዤ ልናገር። ሦስቱም ፖምፓቸው ያለ ኮምፒውተር የሚሠራ ስለሆነ መንገዱ ግልጽ ነው። መጨረሻው ላይ «ኢ» ያለበት 5ኤል-ኢ ግን ሌላ ነው፣ ፖምፓው በኮምፒውተር ነው የሚታዘዘው። እሱን ያለ ኮምፒውተሩና ያለ ሽቦው ገዝተህ ከሆነ ቁጭ ብለህ ብትመታው አይነሳም። ስትገዛ ፖምፓውን እይ። ብዙ ሽቦ ያለው ትልልቅ ሶኬት ከወጣበት ኤሌክትሮኒክ ነው።

አሁን ጭሱን እይ። አንድ ሰው ለአሥር ሴኮንድ ይምታ፣ አንተ ከኋላ ጭስ ማውጫው ጋ ቁም። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣ ሲሊንደር ውስጥ እየገባ ነው፣ ግን አልተቃጠለም፤ ማሞቂያው፣ ታይሚንጉ ወይም ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ አየር የሚጨምቅበት ኃይል) ነው። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣ አልደረሰም። ይህች አንድ እይታ ግማሽ ቀን ታተርፍልሃለች። ከአሥር ወይም አሥራ አምስት ሴኮንድ በላይ ደግሞ አትምታ፣ ቢያንስ አንድ ደቂቃ አሳርፈው። ሞተሪኖ የሚቃጠለው እንዲህ ባለ ቀን ነው።

ጭስ ከሌለ ከቀላሉ ጀምር። ፖምፓው ላይ አንዲት ሽቦ ብቻ የምትገባበት ክብ ነገር አለች፣ ናፍጣ የምትዘጋና የምትከፍት። ቁልፍ ሲከፈት ትክ ማለት አለባት፣ ጣትህን ብታሳርፍባትም ይሰማሃል። ዝም ካለች ሽቦዋ ጋ 12 ቮልት መድረሱን እይ። ለሙከራ ከባትሪው ፖዘቲቭ በሽቦ በቀጥታ ስጣት። ትክ ካለችና ሞተሩ ከተነሳ ቀሪው ሥራ የአንዲት ሽቦ ሥራ ነው። ሲሞከር የተቀጠለውን ሽቦ ግን እንደዚያው ትተህ እንዳትሄድ፣ ያለዚያ ሞተሩ በቁልፍ አይጠፋልህም።

ከዚያ አየር። ሞተር ሲወርድ የናፍጣ መስመሩ ሁሉ ባዶ ሆኗል። ፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ እስኪጠነክር ድረስ ተጫን። ሃምሳ ጊዜ ቢሆንም አትሰልች። ከጠነከረ በኋላ ኢንጀክተሮቹ ራስ ላይ ያሉትን የብረት ቱቦ ዳዶዎች (ማሰሪያዎች) በ17 ቁልፍ በትንሹ አላላ፣ ዳዶው አይውጣ። ቁልፍ ይመታ። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል፣ ቀጥሎ ንጹሕ ናፍጣ። ንጹሕ ሲሆን አንድ በአንድ አጥብቅ። ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ስታጠብቅ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ያን ድምፅ ስትሰማ ድካምህ ይጠፋል። እጅህን ከቱቦው ጫፍ አርቅ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ትንሽ ቀዳዳ መስሎህ ብትተወው እጅህን ሊያሳጣህ ይችላል፣ ሆስፒታል የሚያስሮጥ ነገር ነው።

የእጅ ፖምፓው ፈጽሞ አልጠነክር ካለ አየር የሚስብ ቦታ አለ። ከፊልትሮ ወደ ፖምፓ የሚሄደውን ቱቦ ለጊዜው በሚያሳየው ፕላስቲክ ቀይረውና አረፋውን በዓይንህ ተከታተል። ከዚያም የሚበልጥ ዘዴ አለ። ጄሪካን ውስጥ ንጹሕ ናፍጣ ጨምር፣ ከፖምፓው ከፍ አድርገህ ስቀለው፣ ቱቦውን በቀጥታ ወደ ፖምፓው መግቢያ አስገባ። ሞተሩ ከተነሳ ፖምፓህም ሞተርህም ደህና ናቸው፣ ችግሩ ከናፍጣ ጋኑ እስከ ፊልትሮው ባለው መንገድ ነው። በበርሜል የተገዛ ናፍጣ የምትጠቀም ከሆነ ፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍተህ ውሃ መኖሩንም እይ።

ሁለት ቱቦዎች አሉ፣ መሄጃና መመለሻ። መልካቸው አንድ ነው፣ በችኮላ ይለዋወጣሉ። ሲለዋወጡ ፖምፓው ናፍጣ ከመሳብ ይልቅ መመለሻው ላይ ይታገላል። ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ ይኸውልህ፦ ፖምፓው ላይ መመለሻውን የሚይዘው ብሎን ውስጡ በጣም ጠባብ ቀዳዳ አለው፣ ራሱ ላይም በእንግሊዝኛ «አውት» የሚል ጽሑፍ አለ። ፖምፓው ሲታጠብ ይህ ብሎን ከመግቢያው ብሎን ጋር ከተለዋወጠ ናፍጣ በጠባቡ ቀዳዳ ይገባና ሞተሩ አይነሳም፣ ቢነሳም ጉልበት የለውም። ሁለቱን ፈትተህ ወደ ብርሃን አቅናና በቀዳዳቸው እይ። የምር ሁለት ደቂቃ ነው።

ነጭ ጭስ እያወጣ ካልተነሳ ወደ ማሞቂያው ሂድ። ጅማ ወደ 1,750 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ይበርዳል፣ እነዚህ ሞተሮች ደግሞ ሳይሞቁ መነሳት ይከብዳቸዋል። አራቱን ማሞቂያ ካንዴላዎች የሚያገናኘውን ቀጭን ብረት ፍታና እያንዳንዱን ለየብቻ በቴስተር ለካ። ደህናው ወደ አንድ ኦም ወይም ከዚያ በታች ያሳያል፣ የተቃጠለው ምንም አያሳይም። ብረቱ ተፈትቶ ሳይመለስ የቀረበት ሞተርም አጋጥሞኛል። አዲስ ስትገዛ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብብ። በዝቅተኛ ቮልት የሚሠራ አለ፣ በ11 ወይም በ12 የሚሠራ አለ። ሞተሩ ከአንዱ መኪና፣ ሽቦው ከሌላው ስለሆነ ዝቅተኛውን 12 ቮልት ላይ ብትሰካው በሴኮንዶች ይቃጠላል። ማስነሻ ስፕሬይ አየር ማስገቢያው ላይ የሚነፋ ሰው አለ፣ እባክህ አታድርገው። ማሞቂያው እየጋለ ስፕሬይ ሲገባ ይፈነዳል፣ ፒስተንም ይሰብራል።

ማሞቂያው ደህና ከሆነ ታይሚንግ ቺንጋው (ባለጥርሱ ቀበቶ) ጋ እንሂድ። ሻጩ «ቺንጋው አዲስ ነው» ብሎህ ይሆናል፣ ወይም ጋራዡ ሲገጥም ቀይሮት ይሆናል። ሽፋኑን ክፈት። ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ)፣ ካሙ (ባልቦላዎቹን፣ የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ ክዳኖቹን፣ የሚከፍተው ዘንግ) እና የናፍጣ ፖምፓው ሦስቱም የየራሳቸው ምልክት አላቸው፣ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ቦታቸው ላይ መገኘት አለባቸው። ሁለቱ ገጥመው አንዱ አንድ ጥርስ ከዘለለ አልገጠመም ማለት ነው። አስተካክለህ ስትጨርስ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙርና እንደገና ምልክቶቹን እይ። እዚህ ላይ አትቸኩል፣ የእነዚህ ሞተሮች ባልቦላና ፒስተን ታይሚንግ ሲስት ይጋጫሉ። የኢንጀክተሮቹን የብረት ቱቦዎች ቅደም ተከተልም እይ፣ የሚተኩሱት 1፣ 3፣ 4፣ 2 እያሉ ነው።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ነጭ ጭስ ብቻ ከሆነ ኮምፕሬሽን ይለካ። የናፍጣ መለኪያ ይሁን፣ የቤንዚኑ አይችለውም። ደህና የኤል ሞተር ወደ 30 ባር ይጠጋል። ከ20 በታች ከሆነና አራቱም እንደዚያ ከሆኑ፣ በዚህ ጊዜ ብቻ ሞተሩ ራሱ ታማሚ ነበር፣ ከሻጩ ጋር የምትነጋገርበት ቀን መጣ።

ቤንዚን ከሆነ

እዚህ ጥያቄው ሁለት ነው፦ እሳት አለ? ቤንዚን አለ? አንድ ካንዴላ ፍታ፣ ከካፑ ወይም ከኮይሉ ጋር አገናኝተህ የብረት አካሉን ሞተሩ ላይ አስነካ፣ በእጅህ ሳይሆን በተሸፈነ ፒንሳ ያዘው፣ ከቤንዚን ሽታም አርቀው። ቁልፍ ሲመታ ሰማያዊ እሳት ማየት አለብህ። እሳት ካለና ካልተነሳ የተፈቱትን ካንዴላዎች አሽትት። ደረቅ ከሆኑ ቤንዚን አልደረሰም፣ ከረጠቡ ታይሚንግ ወይም የእሳት ቅደም ተከተል ነው። ዲስትሪቡተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ያላቸው የቆዩ ኮሮላዎች ላይ ዲስትሪቡተሩ በግማሽ ዙር ተዛብቶ የሚገባበት ጊዜ አለ። ያኔ እሳቱ ይመጣል፣ ግን ጭስ በሚወጣበት ሰዓት ነው የሚመጣው፣ ሞተሩም ወደ ኋላ ይተኩሳል።

እሳትም ቤንዚንም አብረው ከሌሉ ሁለቱን የሚያዘው ኮምፒውተር አልነቃም። የኮምፒውተሩን ፊውዝና ዋና ሪሌ እይ። ቀጥሎ እንደገና ማሳ! ቀጫጭን የኮምፒውተር ማሳዎች ሞተሩ ላይ በአንድ ትንሽ ብሎን ይታሰራሉ፣ ብዙ ጊዜ አየር ማስገቢያው አካባቢ። እነሱ ካልታሰሩ ወፍራሙ ማሳ ቢታሰርም ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሳም። ከዚያ የኮሎውን ዙር የሚያነበው ሴንሰር። ቁልፍ እየተመታ የዙር መቁጠሪያው መርፌ ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ እሱን ጠርጥር፣ ሶኬቱን ንቀል፣ ውስጡን እይ፣ የታጠፈ የሶኬት እግር (ፒን) ካለ አቅና። ሞተር ሲገባ በካምቢዮው ሥር ተጣብቆ የሚቆረጠው ሽቦም የሱ ነው።

ብዙ የቶዮታ ቤንዚን መኪኖች ላይ ቁልፍ ስለተከፈተ ብቻ የጋኑ ፖምፓ አይሠራም፣ ሞተሩ ሲዞር ነው የሚሠራው። ስለዚህ «ድምፅ የለውም» ብለህ አትግዛ፣ እየተመታ ጋኑ ጋ ጆሮህን አድርግ። 4ኤ እና 5ኤ ሞተር ያላቸው ብዙ ኮሮላዎች መፈተሻ ሳጥን አላቸው፣ እዚያ «ኤፍፒ» እና «ፕላስ ቢ» የሚሉትን በሽቦ አገናኝተህ ቁልፍ ስትከፍት ፖምፓው ይሠራል። «ቲኢ1» እና «ኢ1» የሚሉትን ስታገናኝ ደግሞ የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ቁጥር ይነግርሃል። 12 ወይም 13 ከሆነ የዙር ምልክት ጠፍቷል፣ 14 ከሆነ የእሳት ምልክት።

ቪትዝና ያሪስን የመሰሉ ኢሞቢላይዘር (ፀረ ስርቆት መቆለፊያ) ያላቸው መኪኖች ላይ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን የመቆለፊያ መብራት እይ። ቁልፉ ገብቶም ካልጠፋች ኮምፒውተሩ ቁልፉን አላወቀውም። ይህ የሚሆነው ከሞተሩ ጋር የመጣውን ኮምፒውተር ስትጠቀም ነው። ሞተሩ አንድ ዓይነት ከሆነ የራስህን ኮምፒውተር መልስ። ካልሆነ የድሮው መኪና ቁልፍና የኢሞቢላይዘር ሳጥኑ አብረው መምጣት ነበረባቸው፣ ወይም በኮምፒውተር የሚያስተካክል ባለሙያ ያስፈልጋል።

ሽቦው ተቆርጦ የመጣ ሞተር ካለህ ቀለም እያየህ አትቀጥል። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት መኪኖች አንድ ቀለም ለሁለት የተለያየ ሥራ ሊጠቀሙ ይችላሉ። ሶኬቱ ላይ ያለውን የእግር ቁጥር ከሽቦ ንድፉ ጋር አመሳክር፣ የቀጠልከውን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍ፣ ቅጥሉን በሊድ ብየዳ አድርገህ ሸፍን። በፕላስተር ብቻ የተጠመጠመ ቅጥል ለጊዜው ይሠራል፣ ክረምቱ ሲገባ ግን አጋሮ መንገድ ላይ ያቆምሃል።

ሲነሳ

ሲነሳ አትርገጠው። የዘይት መብራቱ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ መጥፋት አለበት፣ ካልጠፋ ወዲያው አጥፋ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ለካ፣ ወደ 14 ቮልት ካልመጣ የዲናሞው ሶኬት አልተሰካ ይሆናል። ሥሩን በባትሪ መብራት ዙረህ እይ፣ ዘይት፣ ውሃ፣ ነዳጅ የሚንጠባጠብበት ካለ አሁን ነው የሚያዘው። የሙቀት መለኪያው መርፌ መሃል እስኪደርስ ጠብቅ፣ ከዚያ አጥፋና ሲበርድ ውሃውን ሙላ። በመጀመሪያው ቀን ሰው ሞልተህ ወደ አጋሮ አትውጣ። ጅማ አጠገብ ያለችው ጅሬን ድረስ ባዶውን ደርሰህ ተመለስ፣ የሞተሩን እግሮችና ያን የማሳ ብሎን እንደገና አጥብቅ።

የሞተሩን ቁጥር ደግሞ ከመግጠምህ በፊት ፎቶ አንሳው፣ ከገባ በኋላ ለማየት አስቸጋሪ ነው። ሊብሬህ ላይ ያለው የድሮው ቁጥር ነው፣ መቀየር አለበት፣ ለዚያም የተገዛበት ደረሰኝና የጉምሩክ ወረቀት ይጠየቃል። ወረቀቱን ከሻጩ ብር ሳትከፍል ተቀበል።